በጀርመን ዱልዱንግ ለያዙ፦ የትኛው የመኖሪያ ፈቃድ መንገድ ለማን ይሻላል?

ዱልዱንግ የመኖሪያ ፈቃድ አይደለም። «ከአገር ውጡ ተብለዋል፤ ማስወጣቱ ግን ለጊዜው ታግዷል» የሚል ወረቀት ነው። በጀርመን የጥገኝነት ጥያቄያቸው ውድቅ ሆኖ ይህን ወረቀት በየሦስትና በየስድስት ወሩ እያሳደሱ ዓመታት የገፉ ወገኖች ጥቂት አይደሉም። ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ሕጉ ብዙ ጊዜ ተለውጧል፤ አንዳንዱ በር ሰፍቷል፣ አንዳንዱ ተዘግቷል። ከዓመታት በፊት ጓደኛን ያስተካከለ መንገድ ዛሬ ላይኖር ይችላል፤ ያኔ የተከለከለው ደግሞ ዛሬ ተፈቅዶ ይሆናል።

እዚህ የተጻፉት ዓመታትና ቀኖች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የጀርመን የመኖሪያ ሕግ አንቀጾች ፊደላት በየቢሮው እንደሚጠሩት አ፣ ቤ፣ ሴ፣ ዴ፣ ጌ ተብለው ተጽፈዋል።

ከመምረጥዎ በፊት ሦስት ነገር ያረጋግጡ

መጀመሪያ ጀርመን የገቡበትን ቀን ይያዙ። ከዚህ በታች ካሉት መንገዶች አብዛኞቹ በመግቢያ ቀን የተገደቡ ናቸው።

ቀጥሎ የዱልዱንግዎን ዓይነት ይዩ። ወረቀቱ ላይ «ማንነቱ ያልተጣራ ሰው» የሚል ተጨማሪ ጽሑፍ ካለ በአንቀጽ 60ቤ የተሰጠ ነው። ይህ ዓይነቱ ዱልዱንግ ሥራ ይከለክላል፣ የመኖሪያ ቦታ ይወስናል፤ ከሁሉ የሚጎዳው ግን በእሱ ያለፈው ጊዜ ለሌሎቹ መንገዶች እንደ ዱልዱንግ ጊዜ አለመቆጠሩ ነው። ያልተሟላውን ነገር ባሟሉ ጊዜ ጽሑፉ እንዲነሣ መጠየቅ ይቻላል፤ ሕጉ ይህን በማንኛውም ጊዜ ይፈቅዳል። አንዳንዱ ሰው ሳያውቀው በዚህ ወረቀት ዓመታት ያባክናልና ዛሬውኑ አውጥተው ያንብቡት።

ሦስተኛው የባምፍ (የጥገኝነት ጥያቄን የሚወስነው የፌዴራል መሥሪያ ቤት) ውሳኔ ቃል ነው። ተራ ውድቅ ከሆነ ለአስተዳደር ፍርድ ቤት ይግባኝ የሚባለው በ2 ሳምንት ውስጥ ነው። «በግልጽ መሠረት የለሽ» ከተባለ ጊዜው 1 ሳምንት ብቻ ነው፤ ይግባኙም ብቻውን ማስወጣቱን አያግድም፣ የእግድ ጥያቄ አብሮ መግባት አለበት። እንዲህ ያለ ውሳኔ በኋላ አንዳንድ ፈቃዶችን ሊዘጋ ስለሚችል ለሚያማክርዎ ሰው ውሳኔውን ራሱን ያሳዩ፤ በቃል መንገር አይበቃም።

ምን ተለወጠ?

በ2022 የመጨረሻ ቀን «ሻንሰን-አውፍኤንትሃልት» የሚባለው አንቀጽ 104ሴ ሥራ ላይ ዋለ። እስከ ኦክቶበር 31 ቀን 2022 ድረስ 5 ዓመት በጀርመን ለቆዩ ሰዎች የ18 ወር ፈቃድ ይሰጥ ነበር። ይህ በር በ2025 መጨረሻ ለአዲስ አመልካች ተዘግቷል። ፈቃዱን የያዘ ሰው ሊያሳድሰው አይችልም፤ 18 ወሩ ሳያልቅ ወደ 25አ (የወጣቶች ፈቃድ) ወይም 25ቤ (ለረጅም ጊዜ ቆይተው ለሚሠሩ ሰዎች የሚሰጥ ፈቃድ) ካልተሻገረ ተመልሶ ዱልዱንግ ውስጥ ይገባል።

በፌብሯሪ 2024 መጨረሻ የወጣው ሕግ ማስወጣትን አጠንክሮ የሥራ ዱልዱንግን ግን አቅልሏል። በማርች 1 ቀን 2024 ለአውስቢልዱንግ (የሙያ ሥልጠና) ተማሪዎች እውነተኛ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ማለትም 16ጌ፣ መጣ። በጁን 2024 ዜግነት ለማግኘት ይጠየቅ የነበረው 8 ዓመት ወደ 5 ወረደ፤ በ3 ዓመት የማግኘቱ ዕድል ግን በኦክቶበር 2025 ተሰረዘ። ከጁላይ 2025 ጀምሮ ደግሞ ንዑስ ጥበቃ ያገኙ ሰዎች ቤተሰብ ማምጣት ለ2 ዓመት ታግዶባቸዋል። የአውሮፓ ኅብረት አዲሱ የጥገኝነት ሥርዓት ተግባራዊ የሚሆነው ከጁን 12 ቀን 2026 ጀምሮ ነው።

አውስቢልዱንግ፦ 16ጌ ወይስ 60ሴ?

ዕድሜው ለትምህርት ለሚፈቅድ፣ ጀርመንኛው ቢያንስ ቢ1 አካባቢ ለደረሰና ከ6 ዓመት በታች ለቆየ ሰው ከሁሉ የጸናው መንገድ ይህ ነው ብለን እናምናለን። ፈቃዱ ለሙሉ የሥልጠናው ዘመን ይሰጣል፤ ሲመረቁ ደግሞ በተማሩበት ሙያ ለመሥራት 2 ዓመት ይጨመራል።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው፦ 16ጌ የመኖሪያ ፈቃድ ሲሆን 60ሴ ግን አሁንም ዱልዱንግ ነው። 16ጌ መተዳደሪያዎን ራስዎ እንዲሸፍኑ ይጠይቃል፣ 60ሴ አይጠይቅም። በ2025 ለሚጀምር ሥልጠና በሕግ የተቀመጠው የመጀመሪያ ዓመት ዝቅተኛ ክፍያ በወር 682 ዩሮ ነው፤ ቤት ተከራይቶ ለሚኖር ሰው በፍራንክፈርትም ሆነ በሙኒክ ይህ አይበቃም። በአንጻሩ በሕዝብ ሆስፒታሎች የነርስነት ሠልጣኝ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ከ1,300 ዩሮ በላይ ያገኛል። ስለዚህ የሙያው ምርጫ ራሱ የወረቀቱን ዓይነት ሊወስን ይችላል። ክፍያው ካልበቃ በ60ሴ ይጀምሩ፤ ገቢው ሲያድግ ወደ 16ጌ እንዲለወጥልዎ ይጠይቁ።

ሥልጠናው ቢያንስ 2 ዓመት የሚፈጅና በመንግሥት የታወቀ መሆን አለበት። የ1 ዓመት የረዳትነት ሥልጠና የሚቆጠረው ሠራተኛ በጠፋበት ሙያ ላይ ከሆነና ከእሱ ቀጥሎ ለሚመጣው ሙሉ ሥልጠና ቃል የተገባበት ወረቀት ካለ ነው። ሥልጠናውን በጥገኝነት ሂደት ላይ ሳሉ ካልጀመሩት፣ ከማመልከትዎ በፊት 3 ወር በዱልዱንግ መቆየት ይጠበቅብዎታል። የ60ሴ ማመልከቻ ሥልጠናው ከመጀመሩ 7 ወር ቀደም ብሎ ሊገባ ይችላል፤ ሴፕቴምበር ላይ ለሚጀምር ሥልጠና ማለትም ከፌብሯሪ ጀምሮ ነው። ውሉን ቀጣሪው በኢንዱስትሪና ንግድ ምክር ቤት ወይም በዕደ ጥበብ ምክር ቤት መዝገብ እንዲያስገባው ይከታተሉ፤ ያልተመዘገበ ውል ይዞ አውስሌንደርበሆርደ (የውጭ ዜጎች ቢሮ) መሄድ መመለሻው ባዶ እጅ ነው።

ይህ መንገድ የሚበላሽባቸው ቦታዎች አራት ናቸው። የማንነት ማጣሪያ ጊዜ አንዱ ነው፦ ከ2019 በኋላ የገባ ሰው ከገባበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ማንነቱን ማስረዳት ነበረበት፤ ካልቻለ ደግሞ በዚያው ጊዜ ውስጥ የሚቻለውን ሁሉ እንዳደረገ በማስረጃ ማሳየት አለበት። ሁለተኛው የማስወጣት እርምጃ ነው፦ የበረራ ቦታ ተይዞ ወይም ለበረራ ብቁ መሆንዎ በሐኪም እንዲመረመር ታዝዞ ከሆነ ማመልከቻው ዘግይቷል። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፦ በመንግሥት ገንዘብ በፈቃደኝነት ለመመለስ ማመልከትም እንደ ማስወጣት እርምጃ ይቆጠራል። «እስቲ ልጠይቅ» ብሎ ቅጹን የፈረመ ሰው የአውስቢልዱንግን በር በገዛ እጁ ሊዘጋ ይችላል። ሦስተኛው ቅጣት ነው፦ በፍርድ ቤት የተጣለ የገንዘብ ቅጣት በድምሩ ከ50 የቀን መጠን (ቅጣቱ በአንድ ቀን ገቢ የሚለካበት አሃድ) ካለፈ ይከለክላል፤ የውጭ ዜጋ ብቻ ሊፈጽማቸው ለሚችሉ ጥፋቶች ወሰኑ 90 ነው። ያለ ትኬት ባቡር መሳፈር ተደጋግሞ ፍርድ ቤት ሲደርስ ቅጣቱ እየተደማመረ እዚህ ወሰን ይደርሳል። አራተኛው ማቋረጥ ነው፦ ትምህርት ቤቱ ወይም ቀጣሪው ማቋረጥዎን በ2 ሳምንት ውስጥ ለቢሮው የማሳወቅ ግዴታ አለበት፤ ሌላ ቦታ ለመፈለግ አንድ ጊዜ ብቻ 6 ወር ይሰጥዎታል።

ሥራ ላይ ላሉ፦ 25ቤ ወይስ የሥራ ዱልዱንግ?

ጊዜው ከሞላልዎት 25ቤን ይምረጡ። በዚህ ላይ ማመንታት አያስፈልግም። 6 ዓመት፣ ከአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ጋር ለሚኖር ደግሞ 4 ዓመት በጀርመን መቆየት ይጠይቃል (እስከ 2022 ድረስ 8 እና 6 ነበር)። የጥገኝነት ሂደቱም የዱልዱንጉም ጊዜ ይቆጠራል። ከዚያ ውጪ በንግግር ኤ2 የደረሰ ጀርመንኛ፣ ከግማሽ በላይ በራስ ሥራ የተሸፈነ መተዳደሪያና «ሌበን ኢን ዶይችላንድ» (ሕይወት በጀርመን) የተባለው ፈተና ያስፈልጋል። ተማሪዎች፣ ሠልጣኞች፣ ልጅ ለብቻቸው የሚያሳድጉና ቤተሰብ የሚያስታምሙ ሰዎች በገቢው በኩል ቀለል ይልላቸዋል።

ፈተናው 33 ጥያቄ አለው፣ በ60 ደቂቃ ይሠራል፣ ክፍያው 25 ዩሮ ነው፤ የሚሰጠው በፎልክስሆኽሹለ (የጎልማሶች ትምህርት ማዕከል) ነው። ለማለፍ 15 ይበቃል፤ ለዜግነት ግን 17 ያስፈልጋል። ስለዚህ ከመጀመሪያው 17 ለማምጣት ይዘጋጁ፤ ሰርተፍኬቱ ኋላ ላይ ያገለግላል።

25ቤ መጀመሪያ እስከ 2 ዓመት ይሰጣል፣ ይታደሳል፣ ወደ ቋሚ ፈቃድም ያሻግራል። ለቋሚ ፈቃድ ከሚጠየቀው 5 ዓመት ውስጥ የጥገኝነት ሂደቱ ጊዜ ይታሰባል፤ የዱልዱንጉ ግን አይታሰብም። ለዜግነትም የዱልዱንግ ዓመታት ዋጋ የላቸውም። 10 ዓመት በዱልዱንግ የኖረ ሰው የዜግነት ቆጠራውን የሚጀምረው 25ቤ ከተሰጠው ቀን ነው፤ ብቁ ከሆኑ በኋላ እያንዳንዱ የዘገየ ወር ኪሳራ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ዜግነትን በተመለከተ አንድ ነገር፦ ጀርመን ከ2024 ጀምሮ ጥምር ዜግነት ትፈቅዳለች፤ ኢትዮጵያ ግን በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) መሠረት አትፈቅድም፤ የጀርመንን የወሰደ ሰው የኢትዮጵያውን ያጣና በትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ይገለገላል።

የሥራ ዱልዱንግ (60ዴ) የሚጠቅመው ለ25ቤ ጊዜው ላልደረሰ ሰው ነው። እስከ 2022 መጨረሻ ለገባ፣ 12 ወር በዱልዱንግ ለቆየና 12 ወር በሳምንት ቢያንስ 20 ሰዓት የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ እየከፈለ ለሠራ ሰው ለ30 ወር ይሰጣል። ከ2024 በፊት 18 ወር ሥራና 35 ሰዓት ይጠየቅ ነበር። ሚኒጆብ (ገቢው አነስተኛ የሆነ የትርፍ ሰዓት ሥራ) መዋጮው ሙሉ ስላልሆነ አይቆጠርም፤ ሚኒጆብ ብቻ ይዘው «እየሠራሁ ነው» የሚሉ ሰዎች እዚህ ላይ ይወድቃሉ። በትዳር ላይ ያለ ሰው ከሆነ ባለቤቱም የማንነት ማጣሪያውን ማሟላት አለበት። ከማስወጣት ይጠብቃል፣ ግን ዱልዱንግነቱን አይለቅም፤ ከጀርመን ወጥቶ መመለስ አይቻልበትም።

ለሁለቱም ዋናው ችግር የሥራ ፈቃድ ነው። ዱልዱንግዎ ላይ ሥራ የሚቻለው በቢሮው ፈቃድ ነው ተብሎ ከተጻፈ እያንዳንዱ አዲስ ቀጣሪ አዲስ ፈቃድ ይጠይቃል። ቀጣሪው የሥራ ግንኙነት መግለጫ ቅጽ ይሞላል፣ ሥራው፣ ሰዓቱና ደሞዙ ይጻፋል፤ ፈቃዱ እስኪመጣ ሥራ አይጀመርም። ከ4 ዓመት ቆይታ በኋላ የሥራ ኤጀንሲው ስምምነት አያስፈልግም፣ የአውስሌንደርበሆርደው ብቻ ይበቃል። ያለ ፈቃድ የተሠራ ወር ለመቆጠር ቀርቶ ቅጣት ሊያመጣ ይችላል።

ከ27 ዓመት በታች ላሉ፦ 25አ

ከ14 ዓመት ጀምሮ 27ኛ ዓመት ልደት እስኪደርስ ማመልከት ይቻላል። 3 ዓመት ቆይታ፣ 3 ዓመት የተሳካ ትምህርት ወይም የተገኘ የትምህርት ቤት አልያም የሙያ ምስክር ወረቀት፣ እንዲሁም ቢያንስ 12 ወር ዱልዱንግ (ወይም የ104ሴ ፈቃድ) ይጠይቃል። ተማሪ ከሆኑ መተዳደሪያዎን በራስዎ አለመሸፈንዎ አይከለክልዎትም። በዚህ ዕድሜ ላለ ሰው ከአውስቢልዱንግ ፈቃድም ይበልጣል፤ ሥልጠናው ቢቋረጥ ወረቀቱ ከእጅ አያመልጥምና። ከአካለ መጠን በታች ያለ ልጅ ይህን ፈቃድ ካገኘ ወላጆቹም መተዳደሪያቸውን በራሳቸው ከቻሉና በማንነታቸው ካላታለሉ ሊከተሉት ይችላሉ። ልጁ ትምህርት ቤት እንዳይቀር መከታተል ለቤተሰቡ ሁሉ ወረቀት ነው፤ ያለ ምክንያት የቀረበት ቀን በሪፖርት ካርዱ ላይ ስለሚጻፍ ቢሮው ያየዋል።

ጥገኝነቱ ሳይወሰን ወደ ሙያ መሻገር

ይህ ለጥቂቶች ብቻ ነው። ከማርች 29 ቀን 2023 በፊት የገባና የጥገኝነት ጥያቄው ገና በሂደት ላይ ያለ ሰው ጥያቄውን ትቶ፣ ቪዛ ለማውጣት ሳይመለስ የባለሙያ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል። ዲግሪው ወይም ሙያው በጀርመን እውቅና ያገኘ መሆን አለበት። እውቅና ሳይኖር በሥራ ልምድ ለሚያመለክት ደግሞ በአገሩ የታወቀ የሙያ ወይም የዩኒቨርሲቲ ማስረጃ፣ ባለፉት 5 ዓመታት ውስጥ ቢያንስ 2 ዓመት ልምድና ከፍ ያለ ደሞዝ ይጠየቃል፤ በ2025 ወሰኑ በዓመት 43,470 ዩሮ ነበር። አደጋው በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ጥያቄውን አስቀድሞ ያነሣ ሰው ፈቃዱ ቢከለከል ጥበቃውንም ፈቃዱንም አጥቶ ይቀራል። አውስሌንደርበሆርደው ቅድመ ሁኔታው መሟላቱን በጽሑፍ እስኪያረጋግጥ የጥገኝነት ጥያቄዎን አያንሡ። አገር ቤት እውነተኛ ስጋት ያለበት ሰው ግን ይህን መንገድ ከጠበቃ ጋር ሳይነጋገር ባያስበው ይሻለዋል።

ወጥቶ በቪዛ መመለስ

ለአውስቢልዱንግ፣ ለሻንሰንካርተ ወይም ለትምህርት በአዲስ አበባ ከሚገኘው የጀርመን ኤምባሲ ቪዛ አውጥቶ መመለስ ይቻላል። ሻንሰንካርተ የሥራ መፈለጊያ ቪዛ ሲሆን በአገርዎ የታወቀ ዲግሪ ወይም ቢያንስ የ2 ዓመት የሙያ ሥልጠና፣ ከጀርመንኛ ኤ1 ወይም ከእንግሊዝኛ ቢ2 አንዱን፣ ከዚያም 6 ነጥብ ይጠይቃል፤ በ2025 በታገደ ሒሳብ በወር 1,091 ዩሮ፣ በዓመት 13,092 ዩሮ ማሳየት ነበረበት። በ2024 የአውሮፓ ኅብረት በኢትዮጵያ ላይ የጣለው የቪዛ ገደብ ውሳኔውን እስከ 45 ቀን ያስረዘመው ለአጭር ጊዜ ሸንገን ቪዛ ነው፤ እነዚህን የረጅም ጊዜ ቪዛዎች አይመለከትም።

ይህን መንገድ በመጨረሻ እንጂ በመጀመሪያ አንመክርም። በግዳጅ የተመለሰ ሰው የመግቢያ እገዳ ይጣልበታል። በራሱ የወጣ ሰው ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይድናል፤ ግን ከመውጣቱ በፊት የተፈረመ የሥልጠና ውልና የአውስሌንደርበሆርደው ቅድሚያ ስምምነት በእጁ ካልገባ መመለሱን የሚያረጋግጥለት የለም።

ሁሉም የሚሰናከልበት፦ ማንነት

ከላይ ያሉት መንገዶች ሁሉ ማንነትን ይጠይቃሉ። ጥያቄው ፓስፖርቱን መቼ ማውጣት ይገባል የሚለው ነው።

የጥገኝነት ሂደቱ ያላለቀ ሰው ወደ በርሊኑ ኤምባሲ ወይም ወደ ፍራንክፈርቱ ቆንስላ መሄድ የለበትም። ከመንግሥቴ እሸሻለሁ ያለ ሰው ከመንግሥቱ ፓስፖርት መጠየቁ በጉዳዩ ላይ ማስረጃ ሊሆንበት ይችላል። በዚህ ጊዜ የሚቻለው አገር ቤት ባለ ቤተሰብ በኩል የልደት ሰርተፍኬት፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ የትምህርት ማስረጃና የቆየ ፓስፖርት ቅጂ ማሰባሰብ ነው። ቤተሰቡ ለአደጋ የሚጋለጥ ከሆነ ይህም ይቅር፣ ምክንያቱም በጽሑፍ ይያዝ። ውሳኔው ከጸና በኋላ ግን ፓስፖርት ማውጣት ግዴታ ነው፤ መዘግየቱ ራሱ ወደ 60ቤ ያወርዳል።

የሞከሩትን ሁሉ በወረቀት ያስቀምጡ፦ የቀጠሮ ኢሜይል፣ የቆንስላው ደብዳቤ፣ ወደ አገር ቤት የላኩት ውክልና፣ የፖስታ ደረሰኝ። ቆንስላው በቃል ከመለሰዎት ያነጋገረዎትን ክፍል፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፈው በዚያው ሳምንት ለአውስሌንደርበሆርደ ይላኩ። «ሄጄ ነበር» የሚለው ቃል ብቻውን ማስረጃ ሆኖ አይቆጠርም።

የእኛ ሰው በተለየ የሚቸገርባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። የልደት ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሳይለወጥ ሲገባ ባለቤቱን 7 ወይም 8 ዓመት ያስረጀዋል፤ ሲገባ የተመዘገበው ቀን ከሰርተፍኬቱ ጋር አይገጥምም። የአባትና የአያት ስም ደግሞ አንዴ እንደ ቤተሰብ ስም፣ ሌላ ጊዜ እንደ መካከለኛ ስም ይጻፋል፣ የላቲን ፊደሉም በየወረቀቱ ይለያያል። ሁለቱም ያለ ክፋት የተፈጠሩ ስሕተቶች ናቸው፤ ቢሮው ግን እንደ ማታለል ሊያያቸው ይችላል። ማመልከቻ ከመግባቱ በፊት የተማለ ተርጓሚ የሁለቱን የዘመን አቆጣጠር ልዩነትና የስም አጠራሩን የሚያስረዳ ማስታወሻ በትርጉሙ ላይ እንዲጨምር ያድርጉ። ሆን ተብሎ የተሰጠ የሐሰት ስም ወይም ዜግነት ካለ ደግሞ 25ቤን የሚከለክለው አሁን የቀጠለ ማታለል ስለሆነ በራስ ፈቃድ ማረም ከመያዝ በጣም ይሻላል፤ እርማቱን ግን በጠበቃ በኩል ያስገቡ፣ የወንጀል ጥያቄም ሊያስከትል ይችላልና።

ነጻ ምክር የቤተ ክርስቲያን በጎ አድራጎት ድርጅቶቹ ካሪታስና ዲያኮኒ በየከተማው ይሰጣሉ። ሲሄዱ የባምፉን ውሳኔ፣ ዱልዱንጉን፣ የመጨረሻዎቹን 12 ወራት የደሞዝ ወረቀትና የማንነት ማስረጃዎቹን ቅጂ በአንድ ፋይል ይያዙ። ከነዚህ የትኛውም መንገድ ካልሆነ በየክፍለ ግዛቱ ያለው ሄርተፋልኮሚስዮን (ልዩ ችግር ያለባቸውን ጉዳዮች የሚመለከት ኮሚሽን) ይቀራል፤ እሱም የማስወጫ ቀን ከተቆረጠ በኋላ ብዙውን ጊዜ ጉዳይ አይቀበልምና ማመልከቻው ከዚያ በፊት መግባት አለበት።